በሰማይ ላይ የማን ቃል ይሰማ?

ሰማይ ሰፊ ነው፤ ይህን የሚያህል ስፋት እያለ ሁለት አይሮፕላኖች እንዴት ይጋጫሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ከመሬት ሆኖ ሽቅብ ለሚመለከት ባዶነት እንጂ መንገድ አይታይም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። አየሩ እንደ ከተማ ጎዳና በመንገድ የተከፋፈለ፤ ከፍታውም እንደ ፎቅ ቤት በደረጃ የተለካ ነው። መሣሪያው በተሻሻለ ቍጥር አይሮፕላኖቹ በተሰመረላቸው መሥመር ላይ ዝንፍ ሳይሉ ይበራሉ። ይህ ዝንፍ አለማለት በጎ ነገር ሆኖ ሳለ አንድ ክፉ ጎን አለበት፤ ሁለቱ በስሕተት በአንድ መንገድና በአንድ ከፍታ የተመደቡ እንደ ሆነ፤ ቀድሞ ጥቂት ተዛንፈው ጐን ለጐን ይተላለፉ የነበሩት ዛሬ አፍንጫ ለአፍንጫ ይገናኛሉ።

በዚህ ገጽ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ከዚሁ የተወለደ ነው። በምድር ላይ ተቀምጦ አይሮፕላኖችን የሚመራው ተቈጣጣሪ ነጂውን «ዝቅ በል» ሲለው፤ በዚያው ቅጽበት በአይሮፕላኑ ውስጥ የተተከለው መሣሪያ «ውጣ» ብሎ ቢጮኽ፤ ነጂው የማንን ቃል ይስማ? ጥያቄው የአይሮፕላን ነጂዎች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በትምህርት ቤት ያላችሁም ሆናችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ አንባቢዎቻችን፤ ሁለት አለቆች በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ትእዛዝ ሲሰጡ ምን እንደሚሆን ሳታውቁት አትቀሩም። ልዩነቱ በቢሮ ውስጥ መዝገቡ ተጐትቶ ሲቀር፤ በሰማይ ላይ ግን ለማሰብ የሚተርፈው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ የማይበልጥ መሆኑ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ሰኔ 30 ቀን 1956 በአሜሪካ አገር ግራንድ ካንየን ከተባለው ታላቅ ገደል በላይ፤ የሁለት ኩባንያዎች አይሮፕላኖች ተጋጭተው 128 ሰዎች አለቁ። በዚያ ዘመን ከትልልቅ ከተሞች ርቆ የሚበር ነጂ ሌላውን አይቶ የሚያመልጠው በገዛ ዓይኑ ነበር። ሕዝቡ ደነገጠ፤ መንግሥቱም በ1958 ሕግ አውጥቶ የአየሩን ቍጥጥር በአንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሥር አደረገ። በእነዚያው ዓመታት አንድ ብልህ አሳብ ቀረበ። ይኸውም የግጭትን አደጋ በርቀት ሳይሆን በጊዜ መለካት ነው። ሁለት አይሮፕላኖች በዐሥር ኪሎ ሜትር ተራርቀው ጐን ለጐን ቢበሩ አደጋ የለም፤ በዚያው ርቀት ፊት ለፊት ቢመጡ ግን ለመገናኘት የሚቀራቸው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መሣሪያው «ምን ያህል ይርቃል» ብሎ ሳይሆን «መቼ ይደርሳል» ብሎ መጠየቅ አለበት ማለት ነው።

አሳቡ መሣሪያ እስኪሆን ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ፤ በመካከሉም ብዙ ሰው ሞተ። በ1978 በሳን ዲዬጎ ከተማ ላይ አንድ የመንገደኛ አይሮፕላን ትንሽ ሴስና መትቶ 144 ሰዎች አለቁ። የትልቁ አይሮፕላን ነጂዎች ስለ ትንሿ ተነግሯቸው ነበር፤ አይተናታልም ብለው ነበር፤ ኋላ ግን ከዓይናቸው ጠፋች። በ1986 ደግሞ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ሴሪቶስ በተባለ ሰፈር እንዲሁ ያለ አደጋ ደርሶ 82 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ውስጥ 15ቱ በቤታቸው የነበሩ ናቸው። ከዚህ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1987 ሕግ አወጣ። በ1993 መጨረሻም በዚያ አገር የሚበሩ ከ30 በላይ መቀመጫ ያላቸው የመንገደኛ አይሮፕላኖች ሁሉ ቲካስ የተባለውን መሣሪያ እንዲይዙ ተደረገ።

ቲካስ የሚሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ አይሮፕላን ሲጠየቅ ማንነቱንና ከፍታውን በራዲዮ የሚመልስ ትራንስፖንደር የሚባል መሣሪያ አለው። ቲካስ በዙሪያው ያሉትን ያለ ማቋረጥ ይጠይቃል፤ መልሳቸውንም ተቀብሎ መገናኛው ጊዜ ስንት ሴኮንድ እንደ ቀረው ያሰላል። ጊዜው እያጠረ ሲሄድ በመጀመሪያ «ትራፊክ፤ ትራፊክ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ይህ ትእዛዝ አይደለም፤ ተዘጋጅ ማለቱ ነው። አደጋው ከተቃረበ ግን ያዛል፤ «ክላይም፤ ክላይም» ካለ ውጣ ማለት ነው፤ «ዲሴንድ፤ ዲሴንድ» ካለ ውረድ ማለት ነው። ወደ ቀኝና ወደ ግራ አያዝም፤ የሚያውቀው ሽቅብና ቁልቁል ብቻ ነው። ዋናው ብልኀቱም ሁለቱ አይሮፕላኖች መሣሪያው ያላቸው እንደ ሆነ መሣሪያዎቹ በራዲዮ ተነጋግረው አንዱ ውጣ ሲል ሌላው ውረድ እንዲል መስማማታቸው ነው። ስምምነቱ በሰው ጆሮ አይሰማም፤ ነጂዎቹም አይጨነቁበትም። አንዱ ወገን ቃሉን ካልጠበቀ ግን ስምምነቱ ወጥመድ ይሆናል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን የታየው ሐምሌ 1 ቀን 2002 ነው። የሩሲያው የባሽኪር አየር መንገድ ቱፖሌቭ 154 አይሮፕላን 60 መንገደኞችና 9 ሠራተኞች ይዞ ከሞስኮ ወደ ባርሴሎና ይበር ነበር፤ ከመንገደኞቹም አብዛኞቹ ለዕረፍት ወደ እስፔን የሚሄዱ የኡፋ ከተማ ተማሪዎች ነበሩ። ሁለት ነጂዎች ብቻ ያሉበት የዲ ኤች ኤል የጭነት ቦይንግ 757 ደግሞ ከቤርጋሞ ተነሥቶ ወደ ብራስልስ ይሄድ ነበር። ሁለቱም በ36000 ጫማ ከፍታ ላይ ነበሩ። መንገዳቸው የሚገናኘው በደቡብ ጀርመን ኮንስታንስ ሐይቅ አጠገብ ኡበርሊንገን ከተባለች ከተማ በላይ ነው። ይህ አየር የጀርመን ሲሆን የሚቈጣጠረው ግን በውል በስዊስ አገር የዙሪክ ጣቢያ ነበር።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ በዙሪክ ጣቢያ አንድ ተቈጣጣሪ ብቻውን በሁለት ጠረጴዛ ይሠራል፤ ባልደረባው ለዕረፍት ወጥቷል። በዚያው ሌሊት መሣሪያው ይታደስ ስለ ነበረ ዋናው የስልክ መሥመር ተዘግቷል፤ ግጭት ሲቃረብ በመስኮቱ ላይ ምልክት የሚያሳየውም ክፍል አይሠራም። ተቈጣጣሪው ዘግይቶ ወደ ፍሪድሪክስሃፈን የሚያርፍ ሌላ አይሮፕላን ጉዳይ ይዞት፤ መልስ በማይሰጥ ስልክ ይታገላል። በካርልስሩኸ ጣቢያ ያሉት የጀርመን ተቈጣጣሪዎች አደጋውን አይተው ደወሉ፤ መሥመሩ ግን አልሠራም። እነርሱ እያዩ መናገር አልቻሉም፤ መናገር የሚችለው ደግሞ አላየም።

ለግጭቱ 43 ሴኮንድ ሲቀረው ተቈጣጣሪው ነቃና ቱፖሌቩን ወደ 35000 ጫማ እንዲወርድ አዘዘው። ነጂዎቹ መውረድ ጀመሩ። ከ7 ሴኮንድ በኋላ የሁለቱም ቲካስ ተናገረ፤ የሩሲያው «ውጣ» አለ፤ የጭነቱ «ውረድ» አለ። በሩሲያው አይሮፕላን የነጂዎች ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። ረዳቱ መሣሪያው ውጡ እንደሚል ተናገረ፤ በዕድሜና በማዕረግ የሚበልጠው አሠልጣኝ ደግሞ ተቈጣጣሪው ወደ ታች እየመራን ነው ሲል መለሰ። ተቈጣጣሪው የመጀመሪያው ትእዛዙ መልስ ስላላገኘ በፍጥነት ውረዱ ሲል ደገመው፤ ሌላው አይሮፕላን በቀኛችሁ ነው ብሎም ጨመረ። በእውነቱ የሚመጣው በግራቸው ነበር። የጭነቱ ነጂዎች መሣሪያው እንዳዘዛቸው ይወርዳሉ። ስለዚህ ሁለቱም አብረው ወረዱ። 35000 ጫማ ሊሞላ በማይችል ከፍታ ላይ የቦይንጉ የጅራት ክንፍ ቱፖሌቩን ቈረጠው። 71 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፈ የለም።

በአማርኛችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንላለን። ምክሩ ብልኅ ነው፤ የአየር መንገድ ጥበቃ በሙሉም በዚሁ አሳብ የቆመ ነው። በኡበርሊንገን ላይ ግን ባላዎቹ አልተሰበሩም። ተቈጣጣሪው ዘገየ እንጂ ያዘዘው ትእዛዝ ብቻውን ቢፈጸም አይሮፕላኖቹን ይለያይ ነበር፤ መሣሪያውም ያዘዘው ብቻውን ቢፈጸም ይለያያቸው ነበር። ያጠፋው ሁለቱ ባላዎች በአንድ ጊዜ ቆመው በየፊናቸው መጐተታቸው ነው።

ስለዚህ የሩሲያዎቹን ነጂዎች «እምቢተኞች ነበሩ» ብሎ ማለፍ ትክክል ሆኖ አይታየንም። እነዚያ ሰዎች ታዛዦች ነበሩ። በመጽሐፋቸው ውስጥ ተቈጣጣሪው ዋና፤ ቲካስ ደግሞ ተጨማሪ ረዳት ተደርጎ ተጽፎ ነበር። በሌላ ስፍራ ያለው ደንብ ደግሞ ሌላ ይል ነበር። የጀርመን መርማሪዎች በ2004 ባወጡት መግለጫ ይህን የደንብ መለያየት ከአደጋው መነሻዎች መካከል ቈጥረውታል። የጭነቱ ነጂዎች በሌላ መጽሐፍ የሠለጠኑ ስለ ነበሩ መሣሪያውን ታዘዙ። እያንዳንዱ ለተማረው ነገር ታማኝ ሆኖ ሞተ ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ መምጣቱ ነው። ከዚህ ከ17 ወር በፊት ጥር 31 ቀን 2001 በጃፓን አገር በሱሩጋ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ፤ በአንድ ኩባንያ ሁለት አይሮፕላኖች ላይ ይኸው ነገር ደርሶ ነበር። አንድ ተለማማጅ ተቈጣጣሪ የበረራ ቍጥር ተሳስቶ፤ ማዘዝ የፈለገውን ዲሲ 10 ትቶ ሌላውን ቦይንግ 747 ውረድ አለው። የቦይንጉ ቲካስ ውጣ ሲል ነጂው የተቈጣጣሪውን ቃል ሰምቶ ወረደ፤ ዲሲ 10ም በመሣሪያው ትእዛዝ ወረደ። በቀን ብርሃን ስለ ነበረ በመጨረሻው ሰዓት ተያዩና ቦይንጉ በኃይል አጐንብሶ ከሥሩ አለፈ። 677 ነፍስ ተረፈ፤ መቶ ያህል ሰዎች ግን ከመቀመጫቸው ተወርውረው ቈሰሉ። ለካ በጃፓን ያዳነው ቀኑ ነበር፤ በኡበርሊንገን ጨለማ ሆነ።

በሁለቱም አገር ፍርድ ቤት ተከሳሽ ፈለገ። በጃፓን ተለማማጁና አሠልጣኙ ጥፋተኞች ናቸው የተባለውን ፍርድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 አጸናው። በስዊስ ደግሞ በ2007 የተፈረደባቸው አራቱ የቍጥጥር ኩባንያው ኃላፊዎች ናቸው፤ ተቈጣጣሪውን ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ያለቁበት አንድ አባት ቀድሞ በ2004 በደጁ ላይ ገድሎት ነበርና። እኛ የስዊሱን ዳኝነት እንመርጣለን። አንድ ሰው በሌሊት በሁለት ጠረጴዛ እንዲሠራ የፈቀደው፤ ስልኩ በተዘጋበት ሰዓት ምትክ መኖሩን ያላረጋገጠው ማን ነው ብሎ ወደ ላይ መጠየቅ፤ የመጨረሻውን ሰው ይዞ ከማሰር ይልቅ ለሚመጣው ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደንቡ ጠራ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከኅዳር 2003 ጀምሮ ነጂው የመሣሪያውን የማምለጫ ትእዛዝ፤ የተቈጣጣሪው ቃል ቢቃረነውም እንኳ እንዲፈጽም አዘዘ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ተቈጣጣሪው የሚያየው ሥዕል በየጥቂት ሴኮንዱ የሚታደስ ነው፤ መሣሪያዎቹ የተስማሙበትንም አያውቅም። መሣሪያው ግን ከሌላው አይሮፕላን ጋር ተነጋግሯል። ትእዛዙን በተቃራኒ መፈጸም ጭራሽ ካለመፈጸም ይብሳል፤ ሌላው ነጂ አንተ ትወጣለህ ብሎ አምኖ ወደ ታች ይመጣልና። ዓይኔ ነው የሚበልጠው የሚልም አለ። በከፍታ ላይ አድማስ በደመና ሲዛባ፤ ሌሊትም መብራት ብቻ ሲታይ፤ የሚመጣው ከላይ ይሁን ከታች ዓይን በእርግጥ አይለይም። ደግሞም የታየው አይሮፕላን መሣሪያው የሚናገርለት ላይሆን ይችላል።

አሁን ግን አንባቢዎቻችን አንድ ብርቱ ጥያቄ ይዘው ሊቋቋሙን እንደሚችሉ እናውቃለን። መጋቢት 10 ቀን 2019 ከቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስና የሞቱትን 157 ሰዎች ማን ይረሳል? ከዚያ በፊት በጥቅምት 2018 በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር አይሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። በሁለቱም ጊዜ ኤምካስ የተባለው መሣሪያ ከተሳሳተ መለኪያ ወሬ ተቀብሎ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫን ነበር። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ለመሣሪያ ታዘዙ ማለት እንዴት ይቻላል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ያለውን ልዩነት መመልከት ነው። ኤምካስ አይናገርም ነበር፤ ዝም ብሎ ይሠራ ነበር። የሚያምነው በአንድ መለኪያ ብቻ ነበር። እስከ መጀመሪያው አደጋም ድረስ በነጂዎቹ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ አልተጻፈም ነበር። ቲካስ ግን የሚፈልገውን በግልጽ ድምፅ ይናገራል፤ አብዛኛውን ጊዜም መሪውን ለነጂው እጅ ይተዋል፤ ከሌላው አይሮፕላን ጋር ይስማማል፤ ነጂውም በየጊዜው በትምህርት መሣሪያ ላይ ይለማመደዋል። ትእዛዙም ወሰን አለው። ከመሬት 1000 ጫማ ያህል በታች ውጣ ውረድ አይልም። ወደ መሬት መቅረብን ወይም ክንፉ አየር መሸከም ማቆሙን የሚያመለክት ጩኸት የመጣ እንደ ሆነ፤ ያ ይቀድማል። እንግዲህ የምንለው መሣሪያ ሁሉ ይታዘዝ አይደለም። የሚናገረው የታወቀ፤ ወሰኑ የተጻፈ፤ አስቀድሞም የተለመደ ትእዛዝ በችግር ጊዜ ይታመን ነው። ይህ ያልተሟላለትን መሣሪያ ከነጂ ራስ ላይ ያስቀመጠ ኩባንያ ተጠያቂ ነው።

የአገራችን ነጂዎች ትእዛዙን በሥራ ላይ ያዋሉበትም ጊዜ አለ። በነሐሴ 2018 ከጆሃንስበርግ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የኢትዮጵያ አይሮፕላን፤ ከቬሮና ወደ ዛንዚባር ከሚሄድ የኢጣልያ አይሮፕላን ጋር በናይሮቢ ቍጥጥር ሥር ባለው አየር በአንድ ከፍታ ላይ ተቃርበው፤ ማስጠንቀቂያው ሰምቶ ከፍ በማለት እንደ ተላለፈ በዜና ተነግሮ ነበር። በማግሥቱ ጋዜጣ ላይ ትንሽ ዓምድ የያዘ ነገር ነው። የተሳካ ሥራ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ዓምዱ ትንሽ ነው።

መሣሪያው የሚጠቅመው ግን ሲሠራ ብቻ መሆኑ አይዘነጋም። በመስከረም 2006 በብራዚል ጫካ ላይ አንድ አዲስ የግል ጄት ከጎል ኩባንያ ቦይንግ 737 ጋር በ37000 ጫማ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘ። የጄቱ ትራንስፖንደር አይናገርም ነበር፤ ነጂዎቹም ይህን አላወቁም። ስለዚህ ቲካስ በሁለቱም ዘንድ ዝም አለ። ጄቱ ክንፉ ተሸርፎ አረፈ፤ በቦይንጉ የነበሩት 154 ሰዎች ግን ሁሉም አለቁ። በመግቢያችን ስለ ዝንፍ አለማለት ያልነው ነገር ምስክሩ ይህ ነው።

ዛሬ ነጂው ትእዛዙ በተሰማ በ5 ሴኮንድ ውስጥ መሪውን እንዲይዝና ሳይወራጭ በልክ እንዲፈጽም ይጠበቅበታል። መሣሪያው አሳቡን ቀይሮ በተቃራኒው ያዘዘ እንደ ሆነ ከ3 ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው መውጣትና መውረድ ጥቂት መቶ ጫማ ብቻ ነው፤ መንገደኛው ቡናው ሳይፈስበት ሊያልፍ ይችላል። ይሁን እንጂ የአውሮፓው የአየር ቍጥጥር ድርጅት ዩሮኮንትሮል ባደረጋቸው ጥናቶች፤ ዛሬም ዘግይተው ወይም በተቃራኒ የሚፈጽሙ ነጂዎች መኖራቸው ታይቷል። አንዳንዱ ስሕተት የነጂው ሳይሆን የቃሉ ነበር። የቀድሞው መሣሪያ «የመውጣት የመውረድ ፍጥነትህን አስተካክል» የሚል ትእዛዝ ነበረው፤ ፍጥነቱን መቀነስ ሲገባቸው የጨመሩ ተገኙ። ስለዚህ በአዲሱ መሣሪያ ይህ ቃል ተሽሮ በምትኩ «ሌቭል ኦፍ» የሚል ገባ፤ ባለህበት ቀጥ በል ማለት ነው። በአውሮፓ አየር የሚበሩ የመንገደኛ አይሮፕላኖች ሁሉ እስከ ታኅሣሥ 2015 ድረስ ይህን አዲሱን እንዲይዙ ታዘዙ። በመመሪያና በደብዳቤ ጽሕፈት ላይ የምትሠሩ ወጣቶች ይህችን ልብ እንድትሏት እንፈልጋለን፤ ብዙ አንባቢ በአንድ ዓይነት የተሳሳተበትን ዓረፍተ ነገር አንባቢውን ከመገሠጽ ዓረፍተ ነገሩን መለወጥ ይቀላል።

ኤርባስ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄዷል። ከኤ 380 ጀምሮ አውቶማቲኩ ራሱ የቲካስን ትእዛዝ እንዲፈጽም አድርጎ ሠርቷል፤ ነጂው እየተመለከተ ይከታተላል፤ ባይስማማው ይነጥቀዋል። በድንጋጤ የሚጠፋውን ሴኮንድ ስለሚያተርፍ ጥሩ ነው እንላለን። ነገር ግን ከቢሾፍቱ በኋላ፤ የመንጠቁ ሥልጣን በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በእጅ ላይ መኖሩን ደጋግመው እንዲያሳዩን ብንጠይቅ አይገርምም።

የቀረው የተቈጣጣሪው ድርሻ ነው፤ እኛም ከሁሉ የሚከብደው ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስባለን። ነጂው በራዲዮ «ቲካስ አር ኤ» ያለ እንደ ሆነ፤ ተቈጣጣሪው ያንን አይሮፕላን ማዘዝ ማቆም አለበት። ከዓመታት ጀምሮ የለመደው፤ አደጋ ሲያይ መናገር ነው፤ አሁን አደጋውን በመስኮቱ ላይ እያየ ስለ ከፍታ አንዳች ቃል ሳይጨምር ይቀመጣል። የአይሮፕላኖቹን መራራቅ የመጠበቁም ኃላፊነት ለዚያ ጊዜ ከላዩ ይነሣለታል። የሚመልሰው አንድ ቃል ነው፤ «ሮጀር»። ከዚያም ነጂው «ክሊር ኦፍ ኮንፍሊክት» እስኪለው፤ ወደ ቀድሞ ከፍታውም ልመለስ እስኪል ድረስ ይጠብቃል።